ዶቃውን የያዘው ወንድም

ሜልበርን፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ እትዬ ዶርቃ ኦቻን
ጋምቤላ

ሰላምዎ ይብዛ። ጤናዎ እንዴት ነው? አባባ ኦቻንስ እንዴት ሰነበቱ? ዓይናቸው እንደደከመ ሰምቼ በጣም አዝኛለሁ። እኔና እናቴ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል። የኦሉም ልጅ ቤርሳቤ ነኝ። የአባቴ አባትና የአባባ ኦቻን አባት ወንድማማቾች ነበሩ። አባቴ ሲያርፍ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እናቴ እታገኝ ይዛኝ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ በኋላም ወደዚህ አገር መጣን። አኙዋኛ ስለማልችል በአማርኛ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ።

እዚህ በዩኒቨርሲቲ ታሪክ አስተምራለሁ። አሁን የምጽፈው የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ነው። ባለፈው ምዕተ ዓመት በመድረክና በሸክላ ታዋቂ የነበሩ፣ ነገር ግን በጊዜያቸው እንደ ጌጥ ብቻ የታዩ ሴቶችን እንደገና ከሚመረምሩ ተከታታይ መጻሕፍት አንዱ ይሆናል። የመረጥኩት የእርስዎን አክስት፣ በአዲስ አበባ መድረክ “የባሮዋ አኬሎ” ትባል የነበረችውን አኬሎ ኡጁሉን ነው። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ጋዜጦቹ ስለ ወገቧና ስለ ጥርሷ እንጂ ስለ ሕይወቷ አልጻፉም። እኔ ይህን መቀየር እፈልጋለሁ።

የመጽሐፉ ርእስ “በዶቃ የተሸጠች” ነው። ሽፋኑ ላይ የሚወጣው ፎቶግራፍ በ1955 ዓ.ም. በባሮ ወደብ የነበረ አንድ ግሪካዊ ነጋዴ ያነሳው ነው። ከምዕራፉ ጥቂት መስመር ልጥቀስልዎ።

“አኬሎ የቤቱ የበኩር ልጅ ነበረች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ወንድሟ ለማትወደው ሰው በዶቃ ሸጣት። በፎቶግራፉ ላይ ወንድሟ የእህቱን ዋጋ በእጁ ይዞ፣ እሷ ከጎኑ ቆማ ትታያለች። ዝምታዋ ግን እምቢታ ነበር።”

የቅርብ ቤተሰብ እንደመሆንዎ ለፎቶግራፉ የፈቃድ ፊርማ ያስፈልገኛል። ስለ እሷ የሚያስታውሱት ነገር ካለም ቢጽፉልኝ ውለታዎን አልረሳውም።

አክባሪዎ
ቤርሳቤ ኦሉም (ዶ/ር)


ጋምቤላ፣ መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለቤርሳቤ

የጌታ ጸጋ ይብዛልሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ አባቴ ደህና ነው፣ ባሮም ቦታው ላይ ነው። የሰላምታው ግዴታ እዚህ ላይ ስላበቃ ወደ ነገሩ ልግባ።

ደብዳቤሽን ኮምፒዩተር ቤት አሳትሜ ወደ ሥራ ስሄድ መኪና ውስጥ አነበብኩት። ኢታንግ እስክንደርስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አብሮኝ የሚሠራው አስተርጓሚ ቱት “ዶርቃ፣ ዛሬ ማን ነካሽ?” አለኝ። ዘመድ ነካኝ አልኩት።

ሥራዬን አልጠየቅሽኝም፤ ልንገርሽ። ኩሌ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ቃል እቀበላለሁ። ድንበር ያቋረጠ ሰው ፊቴ ይቀመጣል፤ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሞተበት፣ ማንን ጥሎ እንደመጣ ይናገራል፤ እኔ እጽፋለሁ። ጽፌ ስጨርስ ከመጀመሪያው ጀምሬ መልሼ አነብለታለሁ። “አይደለም፣ የጠፉት ሦስት ናቸው” ይለኛል፤ አርማለሁ። ከዚያ በኋላ አውራ ጣቱን ያትማል። መልሼ ያላነበብኩትን ወረቀት አለቃዬም አይቀበለኝም፣ እኔም አልሰጠውም።

አንቺ ግን ዶክተር ነሽ። አባቴ በሕይወት እንዳለ ታውቂያለሽ፤ መጀመሪያው መስመር ላይ ጤናውን ጠይቀሻል። ዝቅ ብለሽ ደግሞ እህቱን ሸጠ ብለሻል። ለአንድ ሰው ሰላምታውንም ክሱንም በአንድ ወረቀት መላክ ሜልበርን ያስተማረሽ ጨዋነት መሆን አለበት።

የበኩር ልጅ ነበረች አልሽ። ስሟ ማን ነው? አኬሎ። አኬሎ በኛ ዘንድ መንታ ተወልዶ ከመንታው ቀጥላ ለምትወለድ ሴት የሚሰጥ ስም ነው። እዚህ ገበያ ውስጥ ዓሣ የምትሸጥ ልጅ ጠይቂ፣ ፊደል ሳትቆጥር ትነግርሻለች። መንታዎቹ አባቴ ኦቻንና በሕፃንነቱ የሞተው ወንድሙ ናቸው። ስሟን በሽፋን ላይ በትልቁ ልትጽፊ ነው፤ ስሟ የሚናገረውን ግን አልሰማሽም።

ስለ ፎቶግራፉ አሁን ምንም አልልሽም። አንድ የአኙዋ ሽማግሌ ቢያየው ከነጽሑፉ ምን እንደሚል አስቢው። ለምን እንደሆነ ራስሽ ፈልጊ፤ ተመራማሪ አይደለሽ?

ፊርማ የለም።

ዶርቃ ኦቻን

ይህን በእጄ ጽፌ በስልክ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። ኔትወርክ ሲመጣ ይደርስሻል። ቀኑንም በኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ ቀይረሽ አንብቢው።


ሜልበርን፣ ማርች 20 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ እትዬ ዶርቃ

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ለአባባ ኦቻንም እጅ ነሥቻለሁ።

በስሙ ጉዳይ ልክ ነዎት፤ አርሜዋለሁ። አፍሬአለሁም።

በዋናው ነገር ላይ ግን ልሸነፍልዎ አልችልም። ይህን ታሪክ ከራሴ አላመጣሁትም። በ1963 ዓ.ም. አኬሎ በራዲዮ ያደረገችው ቃለ መጠይቅ የተቀዳበት ካሴት እጄ ላይ አለ። በራሷ ድምፅ፣ በራሷ አማርኛ “ወንድሜ በዶቃ ሸጠኝ፤ ጠፍቼ መጣሁ” ትላለች። ጋዜጠኛው “ያሳዝናል” ሲላት ጥቂት ዝም ትልና “አዎ” ትላለች። ያንን ዝምታ ስንት ጊዜ እንዳዳመጥኩት አልነግርዎትም።

እትዬ ዶርቃ፣ እኔ የምሠራው በእንደዚህ ያሉ ሴቶች ላይ ነው። ሴቲቱ አንድ ነገር ትናገራለች፤ ቤተሰቧ ስሙን ለመጠበቅ ሌላ ይላል። ሁልጊዜም የሚታመነው ቤተሰቡ ነው። አባትዎን እንደሚወዱ ይገባኛል፤ ቢሆንም የምጽፈው የእሷን ሕይወት ነው። እሷ የተናገረችውን ትቼ የእርስዎን ከጻፍኩ እኔም እንደ እነዚያ ጋዜጠኞች ሆንኩ ማለት ነው።

ስለ ፊርማው እንደገና ያስቡበት። ሕትመቱ ስለሚቸኩል እስከ ሜይ ድረስ ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪዎ
ቤርሳቤ


ጋምቤላ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለቤርሳቤ

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ለእናትሽ ለእታገኝም። አያትሽ አቶ ሰብስቤ አሁንም በቆሎውን ያርሳል። ከወሎ ሰፍሮ ሲመጣ እዚህ ማንም አያርስም ብለውት እንደነበር ለሰው ሁሉ እየነገረ ይኩራራል። “ያቺ ልጅ ደብዳቤ መጻፍ ታውቃለች እንዴ?” አለኝ። ለእሱ አልጻፍሽለትምና።

ካሴት አለኝ አልሽ። እሺ፤ እሷ ብላዋለች። እንግዲያው ውሸታሟ እሷ ናት። እኔ ደግሞ አንቺ ብቻ መስለሽኝ ነበር።

አሁን ፎቶግራፉን ልንገርሽ፤ ፍለጋው ያቃተሽ ይመስለኛል። በአባቴ እጅ ያለው ሰማያዊ ዶቃ ድሙይ ይባላል። ድሮ ጋብቻ ያለ ድሙይ አይታሰብም ነበር። ድሙይ ተሸፍኖ የሚመጣው በወንዱ ወገን እጅ ነው፤ የሚመጣውም ወደ ሴቲቱ ቤት ነው። የሴቲቱ ወንድም ድሙይ ላምጣ ብሎ ከቤቱ አይወጣም፤ ነውር ነው። በኛ ወገን የሴቲቱ ወንድም ድሙይ ይዞ መንገድ ላይ የሚታየው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ሊመልሰው ሲሄድ። ሲመልስም አይሸፍነውም። ያገኘው ሰው ሁሉ አይቶ ምስክር እንዲሆን በግልጽ ይይዘዋል። አባቴ ፎቶግራፉ ላይ ታንኳው አጠገብ ድሙዩን እንደ ዓሣ አንጠልጥሎ የቆመው ለዚህ ነው። ታንኳውም አፍንጫውን ያዞረው ወደ ታች፣ ወደ ኢታንግ ነው፤ የሰውየው አገር እዚያ ነበርና። ነጋዴውም ያነሳው ገርሞት ይሆናል።

ሰውየውን አልፈልግም፣ አዲስ አበባ ሄጄ እዘፍናለሁ አለች፤ አባቴ መለሰላት። ያ ድሙይ እኮ ለእሱ ሚስት ሊሆን ነበር። የእህት ድሙይ የወንድም ሚስት ያመጣል፤ አሠራሩ እንዲህ ነበር። የታጨችለት ልጅ ኤልሳ ትባላለች፤ ሌላ አገባች፤ እስከ ዛሬ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከፊታችን ትቀመጣለች። አባቴ ሌላ ድሙይ እስኪያገኝ አሥራ አንድ ዓመት ቆየ። እናቴን ያገባው የጓደኞቹ ልጆች ታንኳ መቅዘፍ ሲጀምሩ ነው። አኬሎ እዚያ ከበሮ እየተመታላት ስታጨበጭብ፣ እሱ እዚህ የሰው መረብ እየጎተተ ነበር።

ስለ እሷ የማስታውሰውን ጻፊልኝ ብለሽ ነበር፤ ይኸውልሽ። አንድ ጊዜ መጥታለች፤ በ1975፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ። ጥቁር መነጽር አድርጋለች። በጋምቤላ የመጋቢት ሙቀት፣ ሰው በባዶ እግሩ ላቡ በሚንጠባጠብበት ጊዜ፣ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ ቡናማ ቦት ጫማ አጥልቃ መጣች። እናቴ ውሃ አቀረበችላት፣ እግርሽን ታጠቢ፣ ጫማሽን አውልቂ አለቻት። አላወልቅም አለች። በጫማዋ ምንጣፋችንን ረግጣ አንድ አፍታ ተቀመጠች፤ የቀረበላትን ዓሣ በጣቷ ነክታ ተወችው። ያረፈችውም ሆቴል ነው። የሰፈሩ ልጆች ለአንድ ወር ያህል “ፈረሰኛዋ አክስትሽ” እያሉ ስቀውብኛል። በማግስቱ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ሞቷን በራዲዮ ሰማን።

መርምሪያት ከተባልሽ ይህችን መርምሪያት። የወንድሟን ቤት ንቃ ጫማዋን ያላወለቀች ሴት ናት።

አባቴ ይህን ሁሉ ጽሑፍ አያውቅም። ዓሣ ማጥመድ ከተወ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ቀኑን ሙሉ ራዲዮ ያዳምጣል። መንጠቆውን የሚያስቀምጥባትን ትንሽ ማሰሮ ግን አሁንም ራስጌው ያኖራታል፤ ስንጠርግ እንኳ አታንሷት ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ነው። በዚህ ዕድሜው ሸያጭ ተብሎ ስሙን እንዲሰማ አልፈቅድም።

ዶርቃ


ሜልበርን፣ ኦገስት 25 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ እትዬ ዶርቃ

እንዴት ሰነበቱ? በመዘግየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

የላኩልኝን ስለ ድሙይ አመላለስ በጥሞና አንብቤዋለሁ። በጣም አስደሳች መረጃ ስለሆነ በግርጌ ማስታወሻ አስገባዋለሁ፤ “የቤተሰቡ አባላት ግን በተለየ መንገድ ያስታውሱታል” በሚል። ርእሱንና ሽፋኑን መቀየር ግን ከአቅሜ በላይ ነው። አሳታሚዎቹ ወደውታል፤ ማስታወቂያውም ወጥቷል።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ። ምናልባት የሚያሳስብዎ የአባባ ኦቻን መታወቅ ከሆነ ሽፋኑ ላይ ፊታቸውን ማደብዘዝ ይቻላል። ስማቸውንም ትተን “ወንድሟ” ብቻ እንላለን። በተጨማሪም ከመጽሐፉ ገቢ ለዓይናቸው ሕክምና የሚሆን ነገር ለመላክ ዝግጁ ነኝ። የሚያስፈልገኝ የፎቶግራፉ ፊርማ ብቻ ነው፤ ምዕራፉን መደገፍ አይጠበቅብዎትም።

አክባሪዎ
ቤርሳቤ


ጋምቤላ፣ መስከረም 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዶክተር ቤርሳቤ

እንኳን አደረሰሽ፤ እናንተ ጋ ባይሆንም እኛ ጋ ዓመቱ ተለውጧል።

አራት ወር ዝም ብለሽ ይዘሽልኝ የመጣሽው ይህን ነው? የአባቴን ፊት ልታደበዝዢ? ዓይኑ የደበዘዘው አይበቃውም? አደብዝዘሽ ስታበቂ ደግሞ በዚያው ገንዘብ ዓይኑን ልታሳክሚለት? ይህን ለቱት ባነብለት ሳቀ። ካምፑ ውስጥ ሲስቅ ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ መሰለሽ። ገንዘብሽን እዚያው ያዢው፤ ምናልባት አኙዋኛ ትማሪበት ይሆናል።

ደግሞ “ወንድሟ” ብቻ ይባላል አልሽ። አኬሎ ስንት ወንድም የነበራት መስሎሽ ነው? አንዱ በሕፃንነቱ ሞቷል። የቀረው እዚህ ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጠው ነው። ጋምቤላ ደግሞ ሜልበርን አይደለችም። መጽሐፍሽ በወጣ በሳምንቱ ራዲዮ ጣቢያ ያለው ኦኬሎ “ስለ ታዋቂዋ ልጃችን መጽሐፍ ተጻፈ” ብሎ በሦስት ቋንቋ ያነበዋል፤ ለክፋት ሳይሆን ለኩራት። አባቴ ደግሞ ራዲዮውን ከጆሮው አያርቅም። ሰማንያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም የሰው ዕቃ ነክቷል ያላለው ሰው፣ አንድ ጠዋት ሻዩን ይዞ እህቱን መሸጡን ይሰማል። እሑድ ደግሞ ሄዶ ኤልሳ ጀርባ ይቀመጣል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በጊዜዋ ወገቧን ጻፉ፤ አንቺ ያንን ንቀሽ መከራዋን ጻፍሽ። ሰው ረድቷት የወጣች ሴት ለመጽሐፍ አትሆንም? አንድ ደግ ወንድም ካለበት ምዕራፉ ይበላሻል? አሁን እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ እየበዛ ነው ይሉኛል። የሞተችውን ሴት ያወጣሉ፣ አቧራዋን ያራግፋሉ፣ ሌላ ልብስ ያለብሷትና መልሰው ይቀብሯታል። ልብሱ ልኳ መሆኑን የሚጠይቃት የለም። አንቺ ደግሞ መጠየቅ የምትችይው ሰው እያለ አልጠየቅሽም።

ይህ የመጨረሻ ቃሌ ነው። ፊርማ ከፈለግሽ እኔ በየቀኑ ለማላውቀው ሰው የማደርገውን አንቺ ለዘመድሽ አድርጊ። ምዕራፉን መልሰሽ አንብቢለት። በራስሽ ድምፅ፣ አንድ ቃል ሳታስቀሪ፣ “ሸጣት” የሚለውንም ጭምር። በስልክሽ ቀድተሽ ላኪው፤ እኔ ወደ አኙዋኛ እየመለስኩ አሰማዋለሁ። ሳይዘጋጅ በራዲዮ ከሚደርስበት፣ እኔ አጠገቡ ሆኜ ካንቺ አፍ ይስማው። ከዚያ የሚለውን እቀበላለሁ። እሱ ይሁን ካለ ይሁን።

ያንን ለማድረግ ድፍረት ካጣሽ ግን ዳግመኛ አትጻፊልኝ።

ዶርቃ


ሜልበርን፣ ኦክቶበር 6 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.

እትዬ ዶርቃ

ደብዳቤዎን ለእናቴ አነበብኩላት። እስከ ዛሬ ደብቄያት ነበር። ሰምታ ስታበቃ ወጥ እያማሰለች ነበርና ማማሰያውን አስቀመጠች። “እኔ የሠፋሪ ልጅ ሆኜ አባትሽን ሳገባ ከእሱ ወገን ማንም ሊያየኝ አልፈለገም” አለችኝ። “መጀመሪያ ቤታችን የመጣው ኦቻን ነው። አንድ ትልቅ ዓሣ ይዞ በር ላይ ቆመና ‘ሙሽራ፣ ይህን መሥራት ታውቂያለሽ?’ አለኝ። አላውቅም ስለው ራሱ ተቀምጦ ላጠልኝ።” ከዚያ ወዲያ አላናገረችኝም። ሁለት ቀን ሆናት።

ምዕራፉን ቀድቼዋለሁ። አርባ ደቂቃ ነው። ሦስት ጊዜ ነው የቀዳሁት። የጻፍኩትን ቃል በአፌ ለእሳቸው ልለው ስል እንቢ ይለኝ ነበር፤ “ሸጣት” የሚለው ላይ ስደርስ እያቋረጥኩ እንደገና እጀምራለሁ። ያንን ምዕራፍ ስጽፈው እንዲህ አልሆንኩም። በዚህ ላይ የሚሉኝን ሁሉ ይበሉኝ።

ለአሳታሚዎቹ የአባባ ኦቻን ቃል እስኪመጣ ርእሱን ከሽፋኑ አንስቻለሁ ብዬ ጽፌላቸዋለሁ። ተቆጥተዋል። እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ሰጥተውኛል፤ ከዚያ ካለፈ መጽሐፉ ከተከታታዩ ሊወጣ ይችላል። ይውጣ።

እሳቸው የሚሉትን ምንም ይሁን ምን ሙሉውን አትማለሁ፤ በግርጌ ሳይሆን በምዕራፉ ውስጥ። እባክዎ እጃቸውን ይሳሙልኝ። ካልፈቀዱ ይተውት።

ቤርሳቤ


ጋምቤላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለቤርሳቤ

ሰላም ነሽ ወይ? እታገኝስ አሁን አናገረችሽ?

ድምፅሽ ደርሶናል። ቅዳሜ ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጠን አሰማሁት። አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እኔ እያቆምኩሽ እመልሳለሁ። አማርኛሽ ቆንጆ ነው፤ ነገር ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሰው ምሳውን በልቶ ይመለሳል። “ሸጣት” የሚለው ጋ ስንደርስ ድምፅሽ እንደተንቀጠቀጠ ሳልነግረው እሱ ራሱ ሰማ። “ይህቺ ልጅ ታማለች?” አለኝ። አልታመመችም፣ አፍራ ነው አልኩት።

እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ “ያንቺንስ አታነቢልኝም?” አለ። የእኔ ምን ያደርግልሃል አልኩት። “ለእሷ የጻፍሽውን። ቃል ተቀባይ አይደለሽ?” አለኝ።

ምን ላድርግ? አውጥቼ አነበብኩለት። የስድቡን ዘልዬ ላልፍ ስል “ዘለልሽ” ይለኛል። ስለ ድሙዩ የጻፍኩትን ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ቦት ጫማው ጋ ስደርስ ግን እጁን አነሳ። “እዚያ ላይ ተሳስተሻል። አሁን ጻፊ” አለኝ። የጻፍኩት ይኸውልሽ፤ መልሼ አንብቤለት ሁለት ቦታ አርሟል።

“እኔ ኦቻን ኡጁሉ የተነበበልኝን ሰምቻለሁ። በሥዕሉ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ድሙዩን የያዝኩት ልመልሰው ነው። አባታችን ሞቶ ስለነበር ነገሩ የኔ ነበር። አኬሎ አልፈልግም አለችኝ፤ መለስኩ። ታንኳው ላይ ሳለሁ ተጸጽቼ ነበር፤ ይህንንም ጻፉት።

“በራዲዮ ሸጠኝ ስትል ሰምቻለሁ። በአንድ ነጋዴ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ነበር። ሰዎች ዞረው አዩኝ። ለማንም ምንም አላልኩም።

“በ1975 ስትመጣ ወንዙ ዳር ወሰድኳትና ለምን እንዲያ አልሽ አልኳት። እንዲህ አለችኝ፤ ‘ወንድሜ ድሙዩን መለሰልኝ ስለው ጋዜጠኛው ሌላ ጥያቄ ጠየቀኝ። ሸጠኝ ስለው ግን ብዕሩን አነሳ። ሁሉም እንደዚያ ናቸው። አንዴ ካልኩት በኋላ መልሼ መዋጥ አቃተኝ።’ ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ቦት ጫማዋን አወለቀች። ውስጡ ድሙይ ነበር። በሁለቱም እግሯ።

“ያን ጊዜ መንግሥት ድሙይ ከልክሎ ነበር። ሰው ፈርቶ ለነጋዴ በርካሽ ሸጠው፤ ነጋዴው አዲስ አበባ ወስዶ ለፈረንጅ ጌጥ ያደርገዋል። እሷ ከየሱቁ እየለቀመች ገዝታዋለች። በየኬላው ሻንጣዋን ፈትሸዋል፤ እግሯን ግን አልፈተሹም። ተረከዟ ቆስሎ ደምቶ ነበር። ቤታችን ውስጥ ጫማዋን ያላወለቀችው ለዚህ ነው። ሰው ሞልቶ ነበር። ዓሣውንም ያልበላችው እግሯ አሟት ነው። ሆቴል ያረፈችው ብትያዝ የኛ ቤት እንዳይፈተሽ ነው።

“‘ይኸው፣ የመለስክልኝ’ አለችኝ። እኔ ሚስት አግብቼ ልጅ ወልጃለሁ፤ ለምን እንደሚሆነኝ አላወቅሁም። ቢሆንም ተቀበልኳት። በባሮ ውሃ እግሯን አጠብኩላት፤ ጫማውን መልሳ ስታደርግ አለቀሰች።

“ሸጠኝ ያለችውንም ጻፉት፤ እሷ ብላዋለች። የመለስኩትንም ጻፉት። የመለሰችውንም ጻፉት።”

ከዚህ በታች ያለው ሰማያዊ የአባቴ አውራ ጣት ነው።

ቃሉን ከሰጠ በኋላ ራስጌው ያለችውን ማሰሮ አምጪ አለኝ። ስንት ዓመት ስጠርግ ዙሪያዋን የጠረግኳት ማሰሮ ናት። አንድም መንጠቆ የለባትም። ከፍቼ እጄን ሳስገባ የነካሁት ድሙይ ነው። ቤርሳቤ፣ አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበር። አጠገቡ ተኝቼ፣ አጠገቡ በልቼ፣ ያቺን ሴት ስሳደብ ኖሬአለሁ። አባቴም ሰምቶኝ ያውቃል፤ ዝም ነው የሚለኝ። ለምን አልነገርከኝም አልኩት። “አልጠየቅሽኝም” አለኝ።

አንቺን አልጠየቅሽም እያልኩ ስንት ገጽ እንደጻፍኩ ታውቂያለሽ። አሁን ሂጂ ሳቂብኝ፤ መብትሽ ነው። ከሳቅሽ በኋላ ግን መጽሐፉን ጨርሺው። ርእሱን አንቺ ታውቂበታለሽ፤ ብቻ ረጅም አታድርጊው። ፎቶግራፉንም ፈርሜልሻለሁ፤ ፊቱን እንዳታደበዝዢው።

የሚያዝያውን ደብዳቤዬን ዋናውን ቅጂ በፖስታ ልኬልሻለሁ። ስለ ቦት ጫማው የጻፍኩትን በቀይ ሰርዤ ጎኑ ላይ አውራ ጣቴን አትሜበታለሁ። ፊርማ መጻፍ አቅቶኝ አይደለም።

እህትሽ
ዶርቃ ኦቻን ኡጁሉ